ራስ ምታት መልእክተኛ ነው

ራስ ምታትን የማያውቅ ሰው የለም። ሕፃኑም ሽማግሌውም፥ ባለጠጋውም ድኻውም፥ አራሹም ነጋዴውም ያውቀዋል። ስለ ታወቀም ተናቀ። ብዙ ሰው ራሱን ሲፈልጠው ግንባሩን በሻሽ አጥብቆ ያስራል፥ ቡና ያስፈላል፥ ዳማ ከሴ አሽቶ ያሸታል፥ «ምች ነው፤ ያልፋል» ብሎም ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ እንዳለውም ያልፍለታል። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚያልፈው ሕመሙ ሳይሆን ሕመምተኛው ይሆናል።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ልጆችና ወላጆቻቸው አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ይኸውም ትኩሳትን አስከትሎ የሚመጣ ራስ ምታት ራሱ ደዌው አይደለም፤ ደዌው የላከው መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ሲመጣ አስተዋይ ሰው ከመልእክተኛው ጋር ብቻ አይታገልም፤ «ማን ላከህ? ምንስ ይዘህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ራስ በፀሐይ ብዛት፥ በውኃ ጥም፥ በእንቅልፍ ማጣት፥ በረኃብም ይታመማል፤ ከሌላ ደዌ ሳይመጣ ራሱን ችሎ በየጊዜው የሚመላለስ የራስ ሕመምም አለ። ይህ ትምህርት የሚናገረው ግን ቫይረስ የሚባለው ረቂቅ ነገር ስለሚልከው ራስ ምታት ነው።

1ኛ፤ ራስን ሲያም የሚያመው ምንድን ነው?

በራስ ቅል ውስጥ ያለው አንጎል ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው 1,300 ወይም 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። ሰው የሚያስበው፥ የሚያስታውሰው፥ እጁንና እግሩን የሚያዘው በእርሱ ነው። እግርን እሾህ ሲወጋው፥ እጅን እሳት ሲፈጀው ሕመሙን የሚያውቀው አንጎል ነው፤ ወሬውም ነርቭ በሚባሉ ቀጫጭን ክሮች፥ በስልክ ሽቦ እንደሚሄድ ቃል፥ ወደ እርሱ ይደርሳል።

የሚያስደንቀው ግን የሌላውን አካል ሕመም ሁሉ የሚያውቀው አንጎል የራሱን ሕመም አለማወቁ ነው። የአንጎል ሥጋ ቢነካ፥ ቢቈረጥም እንኳ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ የራስን ቆዳና በዙሪያው ያለውን ብቻ በመድኃኒት አደንዝዘው፥ በሽተኛው ነቅቶ እየተነጋገራቸው፥ ከአንጎሉ ውስጥ እባጭ ያወጣሉ።

እንግዲያስ የሚያመው ምንድን ነው? አንጎል በ3 ሽፋኖች ተጠቅልሏል። የውጭው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ መካከለኛው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነው፤ የውስጠኛው ከአንጎል ጋር ተጣብቆ የሚኖር እጅግ ስስ ነው። በመካከለኛውና በውስጠኛው መካከል እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽ አለ፤ ይህም በአንጎል ውስጥና በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ካለው ጋር በጠቅላላው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሕመምን የሚያውቁ ነርቮች የሚገኙት በሽፋኖቹ፥ ይልቁንም በውጭው ሽፋን፥ በደም ሥሮቹም ዙሪያ ነው። ባለቤቱ አይሰማም፤ አጥሩ ግን ይጮኻል እንደ ማለት ነው።

ከአንጎል 12 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከእነዚህም 5ኛው በ3 ቅርንጫፍ ተከፍሎ አንዱ ወደ ግንባርና ወደ ዐይን፥ አንዱ ወደ ጕንጭና ወደ ላይኛው መንጋጋ፥ አንዱም ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። የአንጎልን የውጭ ሽፋን ሕመም አብዛኛውን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ይኸው ነርቭ ነው። ከማጅራት የሚመጡት ነርቮችም ወሬያቸውን የሚያደርሱት እርሱ በሚያደርስበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ ሽፋኑ ሲቈጣ ግንባርና ዐይን፥ ማጅራትም አብረው ይታመማሉ።

2ኛ፤ ቫይረስ ምንድን ነው?

በቀደመው ዘመን ሊቃውንት በአጉሊ መነጽር የሚታዩትን ባክቴሪያ የሚባሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ካገኙ በኋላ የተላላፊ ደዌ ሁሉ ምክንያት እነርሱ ብቻ መሰሏቸው ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. ኢቫኖቭስኪ የተባለ የሩስያ ሊቅ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ፥ ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጠለለው። የጠለለውም ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል አሳመመው። በ1898 ዓ.ም. የሆላንድ ሊቅ ቤይየሪንክ ይህንኑ ሥራ ደግሞ ሠርቶ፥ ያ በማጥለያ የማይያዘው ነገር ቫይረስ ይባል አለ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ መርዝ ማለት ነው። በ1931 ዓ.ም. ክኖልና ሩስካ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በኤሌክትሮን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ቫይረስ በዐይን ታየ።

መጠኑንም ለመገመት ይህን ማሰብ ይበቃል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች 10,000 ያህል በአንድ ረድፍ ቢሰለፉ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

ቫይረስ እንደ ሌላው ሕያው ነገር ብቻውን በልቶ፥ ብቻውን ወልዶ አይኖርም። የራሱ ማሳ፥ የራሱ ወፍጮ፥ የራሱ ምጣድ የለውም። ወደ ሰው አካል ገብቶ ሕዋስ ወደምትባለው ጥቃቅን የሥጋ ክፍል ሲገባ ግን የእርሷን ወፍጮ ይዞ ለራሱ ያስፈጫታል፤ በእርሷም ብዙ ቫይረስ ይበዛል፤ ከዚያም ወጥቶ ወደ ጎረቤቷ ይሻገራል። ባክቴሪያን የሚገድሉት መድኃኒቶች የሚመቱት የባክቴሪያውን የራሱን ወፍጮ ነው። ቫይረስ ግን የራሱ ስለሌለው እነዚህ መድኃኒቶች ምንም አያደርጉትም። ከገበያ ባለ ቀለም ክኒን ገዝቶ ለጉንፋን መዋጥ ገንዘብን ከማባከን በቀር ጥቅም የሌለው ስለዚህ ነው።

3ኛ፤ ቫይረስ ራስን የሚያሳምምባቸው 2 መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ከሩቅ ነው። ቫይረስ በአፍንጫ ወይም በጕሮሮ ገብቶ ሕዋሳትን ሲይዝ፥ የተያዙት ሕዋሳት እንደ ጩኸት የሆነ ነገር ወደ ጎረቤቶቻቸው ይልካሉ። ከዚህ ጩኸት አንዱን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. አይዛክስና ሊንደንማን የተባሉ ሊቃውንት በሎንዶን ከተማ አግኝተው ኢንተርፌሮን አሉት። ይህና ሌሎች የእርሱ ዓይነቶች በደም እየተጓዙ በአንጎል ሥር የሰውነትን ሙቀት ወደሚቈጣጠረው ክፍል ይደርሳሉ፤ እርሱም ሙቀቱን ከ37 ዲግሪ ወደ 38፥ ወደ 39 ከዚያም በላይ ከፍ ያደርገዋል። በሽፋኖቹና በደም ሥሮች ዙሪያ ያሉትንም ነርቮች በቀላሉ የሚቈጡ ያደርጓቸዋል። የደም ሥር ትርታ ዘወትር አለ፤ ጤነኛ ሰው ግን አይሰማውም። ነርቮቹ ሲቈጡ ያው ትርታ እንደ መዶሻ ይመታል፤ በሽተኛውም «ራሴን ይወቅረኛል» ይላል።

ይህ ነገር እውነት ስለ መሆኑ ግልጥ ምስክር አለ። ሐኪሞች ኢንተርፌሮንን ለአንዳንድ ደዌ መድኃኒት አድርገው በመርፌ ሲሰጡ፥ በሽተኞቹን ኢንፍሉዌንዛ ሳይዛቸው ብርድ ብርድ ይላቸዋል፥ ያተኩሳቸዋል፥ ሥጋቸውን ይቈረጣጥማቸዋል፥ ራሳቸውንም ያማቸዋል። እንግዲህ የጉንፋን ራስ ምታት በብዛት የሚነሣው ጠላት ካነደደው እሳት ሳይሆን ዘበኞች ካነደዱት እሳት ነው። ውጊያው ሲያበቃ ሕመሙም ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ከቅርብ ነው። ይህ የሚሆነው ከስንት አንድ ጊዜ ቢሆንም እጅግ የሚያስፈራው እርሱ ነው። አንዳንድ ቫይረስ አጥሩን ዘልሎ ወደ አንጎል ሽፋን ወይም ወደ አንጎል ራሱ ይገባል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ይቈጣል፤ አንጎልም ሊያብጥ ይችላል። ሆድ ሲነፋ ቆዳ ይለጠጣል፤ የራስ ቅል ግን አጥንት ስለ ሆነ አይለጠጥም። ስለዚህ እብጠቱ አንጎልን መልሶ ይጫነዋል፤ በሽተኛውም ያስመልሰዋል፥ ይቃዣል፥ ወይም የማይነቃ እንቅልፍ ይጥለዋል። በሁለቱም መንገድ የሚመጣው መልእክተኛ ስሙ ራስ ምታት ነው፤ የያዘው ደብዳቤ ግን የተለያየ ነው።

4ኛ፤ ከሩቅ የሚመጣው፤ የኅዳር በሽታና ከእርሱ በኋላ የመጡት

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን አስጨነቃት። ሕዝቡም በወሩ ስም የኅዳር በሽታ አለው። በሽታው በራስ ምታት፥ በብርድ ብርድ ማለትና በትኩሳት ይጀምርና በብዙዎች ላይ ወደ ሳንባ ይወርድ ነበር። በዚያ ዘመን አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ፥ ኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ በዚሁ በሽታ ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ጥራጊ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ ያንን መከራ ያስታውሳል።

በ1911 ዓ.ም. መልእክተኛው ሲመጣ ላኪው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተገኘው ከ15 ዓመት በኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ነው። ኮሮና የተባለው ቫይረስ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከምልክቶቹም አንዱ ራስ ምታት ነበረ። የዚህ ግን ማንነቱ በሽታው በቻይና በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታውቆ ለዓለም ሁሉ ተነገረ፤ ዓመትም ሳይሞላ ክትባት ተገኘለት። ላኪውን የማወቅ ጥቅሙ ይህን ያህል ነው።

ቢጫ ወባ የሚባለው ደዌ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ይህ ስሙ ወባ ይሁን እንጂ ቫይረስ ነው፤ የሚያስተላልፈውም ትንኝ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በኦሞ ወንዝ አገር ተነሥቶ 30,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። መጀመሪያ በትኩሳት፥ በራስ ምታትና በወገብ ቍርጥማት ይመጣል። ከጥቂት ቀንም በኋላ ይሻላል፤ ብዙዎችም በዚያው ይድናሉ። አንዳንዶችን ግን ተሻላቸው ከተባለ በኋላ ትኩሳቱ ይመለስባቸዋል፥ ዐይናቸው ቢጫ ይሆናል፥ ደምም ያስመልሳቸዋል። ስለዚህ ተሽሎት ተመልሶ የሚያተኩሰው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሊታሰብለት ይገባል።

5ኛ፤ ወደ አንጎል ቤት የሚገባው

የአንጎል ሽፋን ሲቈጣ ደዌው ማጅራት ገትር ይባላል፤ ማጅራትን ገትሮ ስለሚይዝ ነው። ይህን ደዌ ቫይረስም ያመጣዋል፥ ባክቴሪያም ያመጣዋል። ቫይረስ ያመጣው ብዙውን ጊዜ በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ባክቴሪያ ያመጣው ግን ጤነኛውን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ የተረፈውንም አንዳንዱን ያደነቍረዋል። ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ያለው አገር፥ በበጋ ወራት ይህ ክፉው ዓይነት በወረርሽኝ ስለሚነሣበት፥ የማጅራት ገትር መቀነት ተብሏል።

ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን በመልክ አንድ ናቸው። አባት፥ እናት ወይም መምህር፥ ቢሆን ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በዐይን ብቻ አይቶ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው በአንጎል ዙሪያ ያለው ውኃ ነው። ኲንከ የተባለ የጀርመን ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ባሳየው ሥራ መሠረት፥ ሐኪሙ በወገብ አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ አግብቶ ጥቂት ጠብታ ይቀዳል። ባክቴሪያ ከሆነ ውኃው ብዙ ጊዜ ይደፈርሳል። «መርፌው ሽባ ያደርጋል» እያሉ የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ነርቭ ግንድ ካበቃበት በታች ስለ ሆነ ግንዱን አይነካውም።

ፖሊዮ የሚባለው ቫይረስ በእድፍ ውኃና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል። የሚይዛቸው ልጆች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ያልፋል፤ አንዳንዶቹን ያተኩሳቸዋል፥ ራሳቸውን ያማቸዋል፥ አንገታቸውንም ይገትራቸዋል። ከ200 አንዱ ግን ለዘወትር ሽባ ይሆናል። ኩፍኝም እንዲሁ ከያዛቸው ከ1,000 በአንዱ ላይ ወደ አንጎል ይገባል። ለሁለቱም ከታመሙ በኋላ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሳይታመሙ የሚጠብቅ ክትባት ግን አለ።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ ቫይረስ ከውሻው ምራቅ ወደ ቍስሉ ይገባል፤ ከዚያም በደም ሳይሆን በነርቭ ክር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ ሳምንት ብቻ የሚፈጅበት፥ ዓመትም የሚሞላበት ጊዜ አለ። ቍስሉ ድኖ፥ ነገሩ ተረስቶ ሳለ፥ አንድ ቀን ሰውዬውን ያተኩሰዋል፥ ራሱንም ያመዋል፤ የቀድሞው ቍስል ስፍራም ይነዝረዋል። ያን ጊዜ መልእክተኛው ዘግይቶ መጥቷል። ከዚህ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀራል።

ነገር ግን ሰውዬው በተነከሰበት ቀን መንገዱን መዝጋት ይቻል ነበር። ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. ጆዜፍ ማይስተር ለተባለ፥ እብድ ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ክትባት ማሰጠት ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ወይም ቍስሉን የላሰው ሰው ወዲያው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ራስ ምታትን አይጠብቅ።

6ኛ፤ የሁለት ልጆች ምሳሌ

ሁለት ተማሪዎች በአንድ ማለዳ ራሳቸውን አሟቸው፥ አተኰሳቸውም እንበል። የመጀመሪያው አፍንጫው ይፈሳል፥ ያስነጥሰዋል፥ ወገቡንና ጕልበቱን ይቈረጥመዋል። ውኃ ሲሰጡት ይጠጣል፤ ሲጠሩት ይመልሳል፤ «አገጭህን ደረትህ ላይ አድርስ» ሲሉት ያደርሳል። ትኩሳቱ ጋብ ሲል ራስ ምታቱም ይቀልለታል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ተነሥቶ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል። የዚህ ልጅ መልእክተኛ ከሩቅ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ፊቱን ከበሩ ብርሃን መልሶ ይተኛል። የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል። አንገቱን ለማጠፍ ሲሞክር ይጮኻል። ወደ ማታ እናቱን በሌላ ሰው ስም ይጠራል። የቤቱም ሰዎች «ምች ነው፤ ይደር» ይላሉ። በዚህ ቃል «ይደር» የምትለዋ ብዙ ልጆችን አስቀርታለች። ለዚህ ልጅ ሌሊቱ ሁሉ ነገር ነው፤ በቃሬዛም ቢሆን፥ በበቅሎም ቢሆን፥ በመኪናም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መድረስ አለበት። ቫይረስ ሆኖ ቢገኝ፥ ድካሙ አይቈጭም፤ ባክቴሪያ ሆኖ ቢገኝ ግን በዚያች ሌሊት የሚሰጠው መድኃኒት ሕይወቱ ነው።

እንግዲህ ከትኩሳትና ከራስ ምታት ጋር ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው ይደር አይባልም።

አንገቱ ተገትሮ አገጩ ደረቱ ላይ መድረስ ሲያቅተው፤ ብርሃን ማየት ሲከብደው፤ ደጋግሞ ሲያስመልሰው፤ ሲቃዥ፥ ሰው መለየት ሲያቅተው ወይም ተጠርቶ መንቃት ሲሳነው፤ ወድቆ ሲንፈራገጥ፤ እጁ ወይም እግሩ ሲሰንፍ፥ ምላሱም ሲተሳሰር፤ በቆዳው ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ሲወጣ፤ ሕመሙ እንደ መብረቅ በድንገት ሲመታው፤ ተሽሎት ሳለ ትኩሳቱ ተመልሶ ሲነሣበት።

ሕፃን ልጅ «ራሴን አመመኝ» ሊል አይችልም። የእርሱ መልእክተኛ ሌላ ነው። ሳያለቅስ እርግብግቢቱ ያበጠ፥ ጡት እንቢ ያለ፥ ሲያቅፉት ከመጽናናት ይልቅ አብልጦ የሚጮኽ፥ ወይም ሰውነቱ የዛለ ሕፃን ወዲያው ይወሰድ።

7ኛ፤ በቤት የሚደረግና የማይደረግ

ክፉ ምልክት የሌለበት ሰው በቤቱ ይረፍ። ውኃ፥ አጥሚት፥ ሾርባ በብዛት ይጠጣ። ነፋሻ በሆነ ክፍል ይተኛ፤ ላብ ያወጣዋል ተብሎ በወፍራም ጋቢ አይጠቅለል። ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል የሚባለውን መድኃኒት ለዕድሜውና ለክብደቱ በተወሰነው ልክ ይውሰድ። አስፕሪን ግን ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥ፤ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ሌላ ቫይረስ የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ፥ ጥቂት ጊዜ ቢሆንም፥ ጕበቱንና አንጎሉን የሚጐዳ ክፉ ደዌ ሊከተለው ይችላልና።

ዳማ ከሴን ማሽተት ለጊዜው ቀለል ያደርግ ይሆናል፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበትን ሰዓት ግን አይተካም። በራስ ላይ ዋግምት መትከልና መብጣት ደም ያፈሳል እንጂ ቫይረስን አያወጣም፤ ባልጠራ ምላጭም ሌላ ደዌ ይጨመርበታል። የሚንፈራገጥ ሰው በጐኑ ይተኛ፥ ራሱም ከድንጋይ ይጠበቅ፤ በአፉ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመር፥ ክብሪትም ተጭሮ አያሽትቱት።

ወባ ባለበት ቈላ አገር የሚኖር ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምር። ወባ ቫይረስ አይደለም፤ የታወቀ መድኃኒት አለው፤ መልእክተኛው ግን ያው ራስ ምታት ስለ ሆነ ያለ ምርመራ ከጉንፋን አይለይም።

በሽተኛው ሲያስልና ሲያስነጥስ አፉን በክንዱ ወይም በመሐረብ ይሸፍን፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ትኩሳቱ እስኪለቀው ድረስም ወደ ትምህርት ቤት አይምጣ። ሠላሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል የአንዱ ጉንፋን በሳምንት የብዙዎች ይሆናል። መምህሩም መስኮቱን ይክፈት።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ባዶ አፉን አይሂድ። ሕመሙ በስንት ቀን፥ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፥ የት እንደሚያመው፥ ትኩሳቱ እንዴት እንደሚመላለስ፥ ውሻ ነክሶት እንደ ነበረ፥ ከየትኛው አገር እንደ መጣ፥ በጎረቤት ሌላ ሰው ታሞ እንደ ሆነ፥ የወሰደውም መድኃኒት ምን እንደ ሆነ አስታውሶ ይናገር። ፊደል የቈጠረ ልጅ በቤቱ ካለ ይህን ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። በአንድ ቤት ውስጥ መጻፍና ማንበብ የሚችል ልጅ መኖሩ በእንዲህ ያለ ቀን ትልቅ ረዳት ነው።

8ኛ፤ ለተማሪዎች ጥያቄ

1. አንጎል ራሱ ሕመም የማይሰማው ከሆነ፥ ራስን ሲያም የሚያመው ምንድን ነው?

2. ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ቫይረስን የማይገድለው ስለ ምንድን ነው?

3. ኢንተርፌሮን በመርፌ የተሰጠው ሰው ጉንፋን ሳይዘው ራሱን የሚያመው ለምንድን ነው? ይህስ ምን ያስረዳል?

4. ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው «ይደር» የማይባለው ምን ምን ሲታይበት ነው? ከምልክቶቹ አምስቱን በቃልህ ተናገር።

5. ውሻ የነከሰው ሰው ራሱን እስኪያመው ድረስ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? በተነከሰበት ቀንስ ምን ማድረግ አለበት?

6. ከዚህ በላይ የተነገሩትን ምልክቶች በአንድ ወረቀት ጽፈህ በቤትህ ላሉት ሰዎች አንብብላቸው፤ ወረቀቱንም ሁሉ በሚያየው ስፍራ ለጥፈው።